በቤት ውስጥ ስለሚደርሰው የኢንተርኔት መጨናነቅና በንግድ ሥራ ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት

በጎንደር ከተማ ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ ድረስ ሱቅና ጽሕፈት ቤት ያላቸው ነጋዴዎች በተገናኙ ቁጥር ከሚያነሧቸው አቤቱታዎች አንዱ የኢንተርኔቱ መሥመር ደከመ የሚለው ነው። አቤቱታው መሠረት የለውም ለማለት አንደፍርም። መሥመሩ በእውነት የሚደክምበት ጊዜ አለ፤ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ሽቦ ይበጠሳል። ነገር ግን አያሌ ጊዜ የድካሙ ምክንያት ከደጃፋችን ውጭ ሳይሆን በገዛ ቤታችን ውስጥ፣ በመደርደሪያው ላይ በተቀመጠችው ራውተር ዘንድ እንደሚገኝ ብዙዎቻችን አልተገነዘብንም። ባለመገንዘባችንም ገንዘባችንን የማያስፈልግ ትልቅ ፓኬጅ በመግዛት፣ ጊዜያችንን ደግሞ የጥገና ሠራተኛ በመጥራትና በመጠበቅ እናባክናለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ መጨናነቅ ከምን እንደሚመጣ፣ በምንስ እንደሚታወቅና ምን ቢደረግ እንደሚቃለል ያለንን አሳብ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን።

የስልክ መሥመር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1894 ወደ አገራችን ገብቶ፣ በ1945 ዓ.ም. በቦርድ የሚተዳደር የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ ነጋዴው በስልክና በቴሌግራም ዋጋ መጠየቅን ለመደ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ ጥቂቶች ብቻ የሚገለገሉበት እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ሁኔታው ፈጽሞ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት አስመጪውና ላኪው ፈቃዱንና ሰነዱን በወረቀት ተሸክሞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ከመዞር ይልቅ በመሥመር እንዲያቀርብ አድርጎታል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በመምጣቱ ስኳርና ዘይት የሚሸጠው ባለሱቅ እንኳ ሒሳቡን በስልክ ይቀበላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልላችን ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜም፣ በሽቦ ወደ ቤትና ወደ ሱቅ የሚገባው መሥመር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁሉም አይቶታል። እንግዲህ ይህ መሥመር ለንግድ ሰው እንደ ሚዛኑና እንደ መጋዘኑ ቁልፍ ያህል አስፈላጊ ከሆነ፣ አያያዙንም ማወቅ ያስፈልገዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንድናየው፣ ሱቁን ከፊት፣ መኖሪያውን ከኋላ ያደረገ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ የገጠመውን እናንሣ። ከመተማ በኩል የገዛውን ሰሊጥ አበጥሮ በጅቡቲ ወደብ በኩል ለመላክ ተዋውሎ፣ ኢንቮይሱን፣ የዕቃውን ዝርዝርና የጭነቱን ሰነድ በስካነር አንሥቶ ለባንኩ ሊልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተቀመጠ። የሰነዱ መጠን 4 ሜጋባይት ያህል ነው። ገጹ ተከፈተ፤ ሰነዱ መሄድ ጀመረ፤ ከዚያም መካከል ላይ ቆመ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ቆመ። ራውተሩን አጥፍቶ አበራ፤ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ደኅና ከሆነ በኋላ ዳግመኛ ሞተ። በመጨረሻ ልጁን ጠርቶ፣ «ፊልም እያወረድህ ነው?» ቢለው፣ «ኧረ አባየ፣ እኔ ዛሬ ምንም አላወረድሁም» ሲል መለሰለት። ልጁ አልዋሸም። ፊልሙን አውርዶ ከጨረሰ ሁለት ቀን አልፎታል። ኮምፒዩተሩ ግን አልተዘጋም ነበርና፣ የወረደውን ፊልም በዓለም ዙሪያ ላሉ ለማይታወቁ ፈላጊዎች ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ሲልክ ይውላል፤ ሲልክም ያድራል። አባትየውም ቢሆን የሚከሰው አጥቶ የነበረው በማግሥቱ መሥመሩን የሚመረምር አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ እስኪያሳየው ድረስ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በቶረንት የሚደረገው የፋይል መለዋወጥ ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው አሠራር ሲሆን፣ ጠባዩን ለማስረዳት ከወንፈላችን የተሻለ ምሳሌ አናገኝለትም። በወንፈል ጊዜ የጎረቤትህ ማሳ ሲታጨድ ትሄዳለህ፤ ጎረቤትህም በተራው ያንተን ያጭዳል። በቶረንትም አንድ ትልቅ ፋይል በብዙ ትናንሽ ቍራጮች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ተቀባይ የደረሰውን ቍራጭ ላልደረሰው ያካፍላል። ስለዚህ ፋይል የሚያወርድ ሰው ሁሉ በዚያው ጊዜ ላኪም ነው፤ ማውረዱን ቢጨርስም እንኳ ፕሮግራሙን ካልዘጋ ወይም ካልገደበ በቀር መላኩ አይቆምም። አሠራሩ በራሱ ብልኀት ያለበትና የሚመሰገን ነው፤ የነጻ ሶፍትዌር አዘጋጆች ትልልቅ ሥራዎቻቸውን በዚሁ መንገድ ለሕዝብ ያዳርሳሉ። ጉዳት የሚያመጣው ይህ ወንፈል በጠባብ በር ሲያልፍ ነው።

የበሩን ነገር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፓኬጅ ስንገዛ 4 ሜጋ፣ 8 ሜጋ፣ 10 ሜጋ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኛ የሚገባውን ፍጥነት ነው። ከቤታችን የሚወጣው ፍጥነት ግን በአሮጌው የመዳብ የስልክ ሽቦ ላይ ከመግቢያው እጅግ ያነሰ ነው። ኤዲኤስኤል የተባለው አሠራር ሲፈጠርም ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይበዛል በሚል ግምት ሽቦውን ለመግቢያ አብዝቶ፣ ለመውጫ ግን አሳንሶ የከፈለ ነው። የተሻሻለው ዐይነት እንኳ በመግቢያ በኩል እስከ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ሊደርስ ሲችል፣ በመውጫ በኩል የተለመደው ከ1 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። ይህ ግምት ጋዜጣ ለሚያነብና ፊልም ለሚያይ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። ነጋዴ ግን ላኪ ነው። ሰነድ ይልካል፤ የዕቃ ፎቶግራፍ ይልካል፤ የክፍያ ትእዛዝ ይልካል። ንግዱ የሚያልፈው በጠባቡ በር በኩል ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 4 ሜጋባይት ማለት 32 ሜጋቢት ነው። መውጫው 1 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሆንና በሩ ለዚህ ሰነድ ብቻ ቢለቀቅለት፣ ሰነዱ በ32 ሰከንድ ይወጣል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የልጁ ኮምፒዩተር ለ50 ሰዎች ፊልም እየላከ ቢሆንና በሩ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል፣ የአባትየው ሰነድ የሚያገኘው ከ51 እጅ አንዱን ነው። 32 ሰከንድ በ51 ሲባዛ 1,632 ሰከንድ፣ ይኸውም ከ27 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ጊዜ በትዕግሥት የሚጠብቅ የመሥሪያ ቤት ገጽ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጊዜው አለፈ ብሎ ይዘጋል። ነጋዴውም ሰነዱ አልሄደልኝም ብሎ ባንኩን ወይም ቴሌን ይወቅሳል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ከውጭ ወደ እኛ የሚመጣው መረጃ ራሱ በመውጫው በር ላይ የሚመካ መሆኑን ያወቁ ጥቂቶች ናቸው። ዕቃ የተቀበለ ሰው ደረሰኝ ካልሰጠ ላኪው ቀጣዩን ዕቃ እንደማይጭንለት ሁሉ፣ በኢንተርኔትም የተቀበልነው መረጃ መድረሱን የሚገልጽ ትንሽ ደረሰኝ በየጊዜው ተመልሶ መሄድ አለበት። ለሁለት ሙሉ እሽግ አንድ ደረሰኝ እንደሚሰጥ ብናስብና አንዱን እሽግ 1,500 ባይት፣ ደረሰኙን 40 ባይት ብናደርገው፣ 10 ሜጋቢት ለመቀበል 130 ኪሎቢት ያህል መውጫ ያስፈልጋል። በሩ በፊልም ከተሞላ ደረሰኞቹ ከኋላ ይሰለፋሉ፤ ደረሰኝ ያልደረሰው ላኪም ዕቃውን ያዘገያል። ስለዚህ ትልቁን ፓኬጅ የገዛ ሰው መግቢያው ባዶ ሆኖ ሳለ ገጽ ሊከፈትለት ያልቻለበት ምክንያት ይህ ነው። መውጫው ሳይሰፋ መግቢያውን ከ10 ወደ 20 ሜጋ ቢያሳድገው፣ የዚህ ዐይነቱ ሕመም አይድንለትም።

በራውተሩ ውስጥ ደግሞ ለመውጣት ተራ የሚጠብቁ እሽጎች የሚቆዩበት ትንሽ መጋዘን አለ። ሠሪዎቹ እሽግ እንዳይጠፋ በማለት ይህን መጋዘን ከመጠን በላይ አስፍተውት ይገኛል። 256 ኪሎባይት የሚይዝ መጋዘን በ1 ሜጋቢት በር በኩል ባዶ ለመሆን 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህም ማለት ከመጨረሻ የገባ እሽግ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት 2 ሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። በስልክ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች እያንዳንዱን ቃል 2 ሰከንድ ዘግይቶ ቢሰሙ ንግግሩ ምን እንደሚመስል አንባቢው ይገምተው። ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 በገዛ ቤቱ የገጠመውን ይህንኑ ችግር መርምሮ ለዓለም ካሳወቀ በኋላ፣ ኬትሊን ኒኮልስና ቫን ጄኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ሰልፉን በብልኀት የሚያሳጥር ዘዴ አወጡ። በዚህ ዘዴ እሽጉ በመጋዘን የቆየበት ጊዜ እየተለካ ከመጠን ሲያልፍ ላኪው እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲህ በተጨመረው ማሻሻያም ጥቂት የሚልከው ሰው ብዙ ከሚልከው ኋላ እንዳይሰለፍ ለየሰልፉ ተራ ይሰጣል። መድኃኒቱ ታውቋል ማለት ነው፤ በየመደርደሪያችን ያሉት ርካሽ ራውተሮች ግን አብዛኛዎቹ አልያዙትም።

ሌላው ችግር የመዝገቡ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ አድራሻ ስለ ሆነ፣ ራውተሩ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር በመዝገብ ይይዛል። የመዝገቡ ገጽ ውሱን ነው፤ በትናንሽ ራውተሮች ዘንድ ጥቂት ሺህ መሥመር ብቻ ይይዛል። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ጥቂት ደርዘን መሥመር ይበቃዋል። የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራም ግን ፈላጊዎችን ሲያፈላልግ በመቶና በሺህ የሚቈጠር ግንኙነት ይከፍታል፤ ሌላው ወገን ሳይሰናበት ቢጠፋ እንኳ የተመዘገበው ስም ቶሎ አይፋቅም። በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ የተከፈተ ግንኙነት ዝም ቢል ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት እንዳይፋቅ ይመከራል፤ አንዳንዱ ራውተር ደግሞ እስከ 5 ቀን ያቆየዋል። መዝገቡ ሲሞላ ዐዲስ የሚመጣ እንግዳ አይመዘገብም። በዚህ ጊዜ የሚታየው ነገር ግር ያሰኛል፤ ቀድሞ የተጀመረው የስልክ ንግግር ይቀጥላል፤ ዐዲስ ገጽ ግን አልከፈት ይላል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት መዝገቡን ስለሚፍቅ ለጊዜው ያድናል። ብዙ ሰው ይህን መድኃኒት አድርጎ ይዞታል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ኢንተርኔቱ ፈጣን ሆነ እየተባለ የሚነገረውም አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ መብራቱ ያደረገው መዝገቡን መፋቅ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ችግሩ የውስጥ ወይስ የውጭ መሆኑ በምን ይታወቃል? ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ሥርዐት ብቻ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በሽቦ ማገናኘት ነው፤ በዋይፋይ የተደረገ ምርመራ የግድግዳውንና የጎረቤቱን ዋይፋይ ጥፋት ከመሥመሩ ጥፋት ጋር ያደባልቃል። ከዚያ በኮምፒዩተሩ የትእዛዝ መስኮት ፒንግ የተባለውን ትእዛዝ ለሁለት አድራሻዎች መስጠት ነው፤ አንደኛው የራውተሩ የራሱ አድራሻ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ሁለተኛው ከአገር ውጭ ያለው 8.8.8.8 ነው። ራውተሩ ከ1 እስከ 3 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ ከሰጠ ደኅና ነው። ራሱ ራውተሩ የሚያንቀላፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው፣ የሙቀቱ ወይም የመዝገቡ ነው።

የውጭው አድራሻ መልስ የሚለካው ሁለት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ በቤቱ ያሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ከመሥመሩ ተለያይተው፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ሁሉም እንደ ልማዳቸው እየሠሩ። ሁሉም በተለያዩ ጊዜ መልሱ ፈጣን ሆኖ፣ ሁሉም ሲሠሩ ግን ወደ 1,000ና 2,000 ሚሊሰከንድ ከወጣ፣ ቴሌን ለመክሰስ ምክንያት የለንም፤ በደላችን በቤታችን ነው። ሁሉም ተለያይተው ሳለ እንኳ መልሱ የሚዘገይ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የመሥመሩ መሆኑ የታወቀ ነውና፣ ነጋዴው የለካበትን ቀንና ሰዓት ጽፎ አቤቱታውን በልበ ሙሉነት ማቅረብ ይችላል። የጥገና ሠራተኛም ቢሆን «ይደክማል» ከሚል ቃል ይልቅ በቍጥር የተጻፈ ማስረጃ ሲቀርብለት ሥራው ይቃለልለታል። ጥፋቱ የውስጥ ሆኖ ከተገኘ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ መልሶ እያገናኙ ፒንጉ የሚያብጥበትን ማየት ነው። ወንጀለኛው ሁልጊዜ ፊልም የሚያወርደው ልጅ አይሆንም። የጥምቀት ሰሞን የመጡ እንግዶች ስልኮቻቸው የቀኑን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ወደ ውጭ ማከማቻ ሲልኩ የሚያድሩበት ጊዜ አለ። በፋሲል መጠመቂያ ዙሪያ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች በጥር ወር ይህን ልብ ቢሉ ይጠቀማሉ። የዊንዶውስ ኮምፒዩተርም እንዲያካፍል ከተፈቀደለት ያወረደውን ማሻሻያ በኢንተርኔት ላሉ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ያካፍላል።

በዳባትና በደባርቅ፣ በስሜን ተራሮችም ዙሪያ ያሉ ወንድሞቻችን በሽቦ ሳይሆን በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር የሚገለገሉ ከሆነ፣ በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በዚያ አሠራር በሩ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን ምሰሶውን የሚጋሩት ተጠቃሚዎች ሁሉ በር ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ተለያይቶ ሳለ በምሽት ብቻ የሚደክም መሥመር የአካባቢው ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ስልኩን ሲከፍት የሚደርስ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል፤ ንጋት ላይ ለክቶ ማነጻጸር ይረዳል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ አንዳንድ አባቶች እንደሚያደርጉት ልጆችን መከልከልና የይለፍ ቃሉን መቀየር የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም እንላለን። የተከለከለ ወጣት ዐዲሱን የይለፍ ቃል በሁለት ቀን ያገኘዋል። ከዚያም በላይ ዛሬ በዚህ ነገር የሚጫወተው ልጅ ነገ የሱቁን ኮምፒዩተር የሚያስተካክለው እሱ ነው። መከልከሉ ቀርቶ መወሰኑ ይሻላል። በየፕሮግራሙ ውስጥ የሚላከው መጠን የሚገደብበት ቦታ አለ። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች በዚያ ቦታ 0 ተጽፎ ሲገኝ ምንም አይላክም ማለት ሳይሆን ወሰን የለውም ማለት ነው። በዚያ ፈንታ ከተለካው መውጫ ግማሹን ያህል መጻፍ ይበቃል። የሚከፈተውም ግንኙነት በጠቅላላው ከ100 እንዳይበልጥ ማድረግ መዝገቡን ያተርፈዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የመለኪያ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። የመሥመር ሻጭ የሚናገረው በቢት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ በባይት ነው፤ አንዱ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። 1 ሜጋቢት መውጫ ያለው ሰው ግማሹን ልወስን ብሎ 500 ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ 500 ኪሎባይት ይኸውም 4,000 ኪሎቢት አድርጎ ይወስደዋል፤ ይህ ከመሥመሩ አራት እጥፍ ስለ ሆነ ምንም እንዳልተወሰነ ይቈጠራል። ትክክለኛው ቍጥር 62 ነው። ኪሎና ፈረሱላን አደባልቆ ቡና የሚመዝን ነጋዴ እንደሌለ ሁሉ በዚህም ላይ መጠንቀቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተደነገገውን ትሑት የአላላክ ሥርዐት የያዙ ዐዳዲስ ፕሮግራሞች ሰልፍ መኖሩን ሲያውቁ በራሳቸው ፈቃድ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሆኖም ሁሉም ፕሮግራም ትሑት አይደለም፤ ትሑቱም ቢሆን መዝገቡን ከመሙላት አይመለስም።

ራውተሩ ራሱ ሰልፍ የማስተካከል ችሎታ ካለው ደግሞ የመውጫውን ልክ ከተለካው 85 ወይም 90 ከመቶ ላይ አድርጎ መወሰን ነው። ከመሥመሩ ትንሽ ቀንሶ መወሰን ያስፈለገበት ምክንያት ሰልፉ አስተዋይ ባልሆነው በሌላው መሣሪያ ዘንድ እንዳይሆን፣ ተራ መስጠት በሚያውቀው በራውተሩ ዘንድ እንዲሆን ነው። ይህን ችሎታ ያጣ ራውተር ያለው ሰው ቢያንስ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለንግድ ሥራ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ለፋይል መለዋወጥ ቢመድበው ሁሉም ወገን ሳይጎዳ ይኖራል። ሌሊት መሥመሩ ሥራ ፈት ነው። የይለፍ ቃሉንም ለጎረቤት ሁሉ አድሎ፣ ኋላ መሥመሩ ደከመ ማለት ደግሞ የማይገባ ነገር ነው፤ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ስም ያለው ዋይፋይ በብዙ ራውተሮች ላይ መክፈት ይቻላልና።

በከተማችን በፍላሽና በሚሞሪ ላይ ፊልምና ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች የዚህ ነገር ዋነኛ ባለጉዳዮች ናቸው። ከጎረቤት ነጋዴ ጋር አንድ መሥመር የሚጋሩ ከሆነ የጎረቤታቸው ሥራ በእነሱ ምክንያት ይታገዳል። ከዚህም ሌላ የቅጅና የተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ስለ ሆነ፣ የሰው ድካም የሆነውን ፊልም ያለ ፈቃድ ማባዛትና መሸጥ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ሊያውቁ ይገባል። ስለ ሕጉ ሰፊ ንግግር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም።

አሁን ወደ አስመጪዎቻችን እንመለስ፤ የበለጠ የሚያሳስበን የእነሱ ነገር ነውና። በአራዳና በፒያሳ ሱቆች ራውተር የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው፣ አንቴናው ስንት ነው። የአንቴናው ቍጥር በቤቱ ውስጥ ላለው የሬዲዮ ሞገድ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ስለ ሰልፉና ስለ መዝገቡ የሚነግረን ነገር የለም። አራት አንቴና ያለው ራውተር በጠባብ በር ላይ እንደ ባለ አንድ አንቴናው ተጨናንቆ ይቆማል። አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ የውጭውን ፋብሪካ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ደንበኛውን ያከብራል፤ መዝገቡ ስንት ግንኙነት ይይዛል፤ የመውጫውን ሰልፍ በተራ የማስተካከል ሥራ አለው ወይ፤ የውስጡ ፕሮግራም ለስንት ዓመት ይታደሳል። መልሱንም በአማርኛ ጽፎ በካርቶኑ ላይ ቢለጥፍ፣ ሌላው ሻጭ በአንቴና ቍጥር ሲወዳደር እሱ በአገልግሎት ይወዳደራል። ጥቂት መቶ ብር ጨምሮ ደኅና ራውተር የሚገዛ ነጋዴ አይጠፋም፤ የጠፋው ልዩነቱን የሚነግረው ሰው ነው።

የመሥመሩ ሻጮችም ከነቀፋ አያመልጡም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ሁለት የቴሌኮም ድርጅቶች ይሠራሉ። ከማናቸውም ጋር የሚዋዋል ነጋዴ የመግቢያውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመውጫውን ፍጥነት በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው። ዳቦ የሚሸጥ ሰው ግራሙን እንዲናገር የሚጠየቅ ከሆነ፣ መሥመር የሚሸጥ ሰው የግማሹን ሚዛን ብቻ ተናግሮ ሊሸኘን አይገባውም። ፋይበር የተባለው የመስተዋት መሥመር በደረሰበት ሰፈር መውጫው ከመዳቡ ሽቦ እጅግ ሊሰፋ ስለሚችል፣ ሰነድ ለሚልክ ነጋዴ ከመዳቡ ላይ ትልቅ ፓኬጅ ከመግዛት ወደ ፋይበር መዛወሩ ይጠቅመዋል። ይሁንና ፋይበርም ቢሆን መዝገቡ የሞላ ራውተር ጫፉ ላይ ከተተከለበት ያው ነው።

ምክር ቤታችንም በዚህ ረገድ ሊሠራው የሚችል አንድ ቀላል ሥራ አለ። በጽሕፈት ቤቱ አንድ መዝገብ ከፍቶ፣ አባሎች በሰፈራቸው የለኩትን የመግቢያና የመውጫ ፍጥነት፣ የፒንጉን ሚሊሰከንድ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቤታቸው በሥራ ላይ ወይም ዝም ብሎ በነበረ ጊዜ መለካታቸውን ጭምር እንዲያስመዘግቡ ቢያደርግ፣ በሦስት ወር ውስጥ የትኛው ሰፈር መሥመር እንደሚጎዳና የትኛው ቤት ራሱን እንደሚጎዳ ተለይቶ ይታወቃል። የመጀመሪያውን የሰፈሮች ዝርዝር ይዞ ከቴሌኮም ድርጅቶቹ ጋር ለመነጋገር የሰሊጡ ወቅት ከመድረሱ በፊት ያለው የክረምት ጊዜ ይመቻል።